ባለማፍሰሷ የተከሰሰች ማሰሮ

በ1979 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ዝናብ አሳድዶ ቡሬ ከተማ አንድ ወፍጮ ቤት በረንዳ ላይ ጣለኝ። ከፍኖተ ሰላም የተላክሁት በአቅራቢያው ስላለች አንዲት አዲስ መንደር ሪፖርት እንዳዘጋጅ ነበር። ቅጹ በኪሴ አለ። ስንት ቤት እንደ ተሠራ፣ ስንት መጸዳጃ እንደ ተቆፈረ፣ የስብሰባ አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝና የሰንደቅ ዓላማው መስቀያ ስንት ሜትር እንደሚረዝም የሚሞላበት ሠንጠረዥ አለው። የእንጨቱ ርዝመት ለምን እንዳስፈለገ አለቃዬን ጠይቄው ነበር። «ዝም ብለህ ሙላ፤ ባዶ ቦታ እንዳትተው» አለኝ።

በረንዳው ላይ ከኔ በፊት የተጠለሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሰዋል፤ በጋቢያቸው ጠቅልለው የታቀፉት ነገር ግን ጠብታ እንዳይነካው ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተዋል። ሕፃን መሰለኝ።

«ልጁን ወደ ግድግዳው ያስጠጉት እንጂ አባቴ» አልኋቸው።

«ልጅ አይደለም ጌታው። ተከሳሽ ናት» አሉና ጋቢውን ገለጥ አደረጉት። አዲስ የሸክላ ማሰሮ ናት።

«ምን አጠፋች?»

«አላፈስ አለች።»

ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ፊታቸውን አየሁና ሳቄን የምደብቅበት አጣሁ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። አቶ የሽዋስ ይባላሉ፤ የኔን ሪፖርት የምትጠብቀው መንደር ነዋሪ ናቸው። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ነው። ሦስት ልጆች ከነእናታቸው ለሳቸው ትቶ ሄደ። በጥር ወር ደረሰ የሚባለው ሞተ። ከፋሲካ በኋላ ተስፋው ተከተለው። ሁለቱንም የወሰዳቸው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነው። አሁን የቀረችው አደይ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ናት። እሷም ሦስት ቀን ሙሉ ጤና ጣቢያው ውስጥ ጉሉኮስ ተሰክቶላት፣ እናቷ እያስታመመቻት ተኝታለች።

«ሐኪሙ ምን አለዎት?»

«ዛሬን ካለፈች ሰኞ ትወጣለች አለኝ። ግን ያንኑ ውሃ ጠጥታ ከተመለሰች ሁለተኛውን አትችለውም አለ። ውሃው ደግሞ ያው ውሃ ነው።»

የቀድሞ ቤታቸው ከተራራው ላይ፣ ከምንጭ አጠገብ ነበር። «ለመብራትና ለቧንቧ ይመቻል ተብለን ወረድን። እኛ ወርደናል፤ መብራቱና ቧንቧው ገና አልወረዱም» አሉኝ። የሚጠጡት ከብቶች ከሚረግጡት ኩሬ ነው። አፍልታችሁ ጠጡ ይባላሉ። ሜዳው ላይ የነበረው ዛፍ ደግሞ የአዲሱ መንደር ምሰሶ ሆኖ አልቋል፤ የቀረው ኩበት እንጀራ መጋገሪያ አልበቃ ብሏል።

እኔ እዚህ ላይ ቅጼን አወጣሁና መልሼ ከተትሁት። የሞቱ ሕፃናት የሚጻፉበት ሠንጠረዥ አልነበረውም።

«ታዲያ ማሰሮዋ ምን አገባት?»

«ይህን እሱ ይንገርህ» አሉና ባገጫቸው ወደ መንገዱ አመለከቱ። አንድ ሃያ አራት ዓመት የሚሆነው ወጣት ኮቱን ራሱ ላይ ደርቦ ወደ በረንዳው ይሮጣል። ደርሶ ሽማግሌውን ሲያይ በዝናቡ ውስጥ ለመቆየት ያሰበ ይመስል ደረጃው ላይ ቆመ። ከዚያ ኮቱን አውርዶ እጅ ነሣ።

«እንደምን ዋሉ አባ የሽዋስ። አደይ እንዴት ናት? እሷን ልጠይቅ ስመጣ ነው ዝናቡ ያገኘኝ።»

«እሷን አትጠይቅ። እኔ ነኝ አንተን የምጠይቅህ፤ በሸንጎ። የጤና ጣቢያውን ወረቀት አስጨምሬ ልከስህ ማሰሮዋን ይዤ መጥቼ ነበር። ሐኪሙ "ማሰሮ አላክምም" ብሎ መለሰኝ።»

ወጣቱ ዘሩ ይባላል። ባሕር ዳር የእንጨት ሥራ ተምሮ የተመለሰ፣ የሸክላ ሠሪዋ የጌጥነሽ ልጅ ነው። ቀድሞ ሸክላ ሠሪዎቹ ከመንደሩ ዳር፣ ከወንዙ ማዶ ይኖሩ ነበር። መንደር ሲመሠረት ግን ቤቱ በዕጣ ተደለደለ፤ ዕጣውም የሽዋስንና ጌጥነሽን አጥር ለአጥር አደረጋቸው። አብዮቱ ብዙ ነገር ሞክሮ ያቃተውን ቆርቆሮ ውስጥ የተናጠ ብጣሽ ወረቀት ሠራው። ወረቀቱ ግን ጎረቤት ማድረግ እንጂ ማነጋገር አልቻለም።

«እስቲ ለእንግዳው ንገረው» አሉ ሽማግሌው። «የምታፈስ ማሰሮ ሠርተህ ሰጥተኸኝ እንደሆነ ንገረው።»

«አዎ፤ እናቴ ሠርታለች፤ እኔ ሰጥቻለሁ» አለ ዘሩ።

«ይኸው አመነ። እኔ ሰባ ዓመት ልሞላ ነው። ጅጋ ገበያ ሴት ማሰሮ ስትገዛ ውሃ ሞልታ ደረቅ አመድ ላይ ታስቀምጣለች። አመዱ ከረጠበ ትታው ትሄዳለች፤ ሻጯም አፍራ ትሰብረዋለች። ያንተ እናት እንኳ ስንቱን ሰብራለች። አሁን ባሕር ዳር ሄደህ ስትመለስ ነውሩ ዕውቀት ሆነ?»

«አባ የሽዋስ፣ ነውሩ ቀዳዳው አይደለም። የቀዳዳው መጠን ነው። ውሃው የሚያልፍበት፣ ቆሻሻውና ተባዩ የማያልፍበት ቀዳዳ አለ። እንዲህ ያለውን እኔ አልፈጠርሁትም። እንጨት ስማር አንዲት ስስ ፍቅፋቂ በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ። ድፍን የመሰለኝ እንጨት እንደ ወንፊት ዓይን በዓይን ነው። ዛፍ ከጭቃ ውስጥ ውሃ ይስባል፤ ጭቃውን ግን አይስብም።»

«ተባይ አልህ። ተባዩን አይተኸዋል?»

«በዓይን አይታይም።»

«በዓይን የማይታይ ነገር አውቃለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን አስተምራኛለች። ከዚያ ሌላ የማይታይ ነገር የሚነግረኝ ሰው ሲመጣ ግን፣ ካድሬም ይሁን ተማሪ፣ መጀመሪያ ከብቶቼን ነው የምቆጥረው።»

ዘሩ ከወፍጮ ቤቱ የማገዶ ክምር የጣት ርዝመት ያላት ቅርብ ጊዜ የተቆረጠች የዋንዛ ቁራጭ መርጦ ሁለት ጫፏን በቢላዋ አስተካከለ፤ አንዱን ጫፍ በምራቁ አርሶ ሌላውን ለሽማግሌው አቀረበላቸው።

«ይንፉባት።»

«እንጨት?»

«እንጨት።»

አቶ የሽዋስ እኔን አዩኝ። እኔም ዝናቡን አየሁ። ክብር ያለው ሰው አደባባይ ላይ ማገዶ ሲነፋ ባላይ ይሻላል ብዬ ነው። ነፉ። ከረጠበው ጫፍ ጥቃቅን አረፋ ፈላ። እንደገና ነፉ፤ እንደገና ፈላ። ቁራጯን አገላብጠው ቀዳዳ ፈለጉ፤ አላገኙም።

«በውስጧ መንገድ አላት» አሉ ቀስ ብለው።

«አላት። ይህንንም ይዩ» አለና ውሻ የጣለውን የበሬ አጥንት ከደረጃው ሥር አንሥቶ በድንጋይ ሰበረው። ከውጭ ድፍን፣ ከውስጥ የማር እንጀራ የመሰለ ነው። «አጥንት እስከ ውስጡ ድፍን ቢሆን ኖሮ በሬው ገላውን ተሸክሞ ከበረት አይወጣም ነበር። እግዜር ባዶውን ቦታ ዝም ብሎ አልተወውም፤ ሥራ ሰጥቶታል። እኛም ከነዚህ ነው የቀዳነው። የጤፍ ገለባ አድቅቀን፣ በወንፊት ነፍተን ከሸክላው አፈር ጋር አቦካነው። እሳት ውስጥ ስትገባ ገለባው ይቃጠላል፤ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ባዶው መንገድ ይሆናል። ማሰሮዋ ጋን አፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ውሃው ከላይ ይፈስባታል፤ የተጣራው በጠብታ ጋኑ ውስጥ ይወርዳል።»

«የሞተ በሬ አጥንት ይዘህ ስለ ሕያው ልጅ ታስረዳኛለህ» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ግን ክስ መሆኑን ትቶ ነበር። «ይሁን። እንዳልኸው ይሁን። እንዲያ ከሆነ ለምን አታንጠባጥብም? የኔ ክስ እኮ ይህ ነው። ታፈሳለች ብለህ ሰጠኸኝ፤ አላፈሰችም።»

ዘሩ ማሰሮዋን ከጣራው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ሞልቶ አንጠልጥሎ ያዛት። ጠበቅን። የወፍጮው ሞተር ሁለት ቁና ያህል እህል ፈጭቶ ዝም አለ። ማሰሮዋ ከሥሯ ደረቅ ነበረች። ወጣቱ ፊቱ ተለወጠ።

«ሳልሰጥዎ በፊት እናቴ ሦስት ቀን ውሃ እየሞላች ስታንጠባጥብ አይታታለች» አለ።

«እኛ ዘንድ ስትመጣ ደነቆረች።»

ዘሩ ውሃውን ደፋና አፍንጫውን ወደ ማሰሮዋ አፍ አስጠጋ። ደጋግሞ አሸተተ። ከዚያ ለኔ አቀበለኝ። የጎመን ዘር ሽታ ነው።

«አባ የሽዋስ፣ ማን አሟሻት?»

አዲስ ሸክላ ሁሉ ይሟሻል። በእሳት ይሞቅና በተደቆሰ ጎመን ዘር ይታሻል፤ ቅባቱ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ይህን የማያደርግ ቤት በጎጃም አላውቅም። እናቴም ታደርገዋለች። ለማጣሪያ ግን ይህ አፍና አፍንጫን እንደ መድፈን ነው።

ሽማግሌው ዝናቡን አዩ። «ማንም አልነካትም» አሉ።

«እሺ» አለ ዘሩ።

እሺ ማለቱ ከሙግት ይልቅ ከበዳቸው መሰለኝ። ራሳቸው ተመለሱበት።

«ምራቴ ደስታነሽ ነግራኝ ነበር። "ምንም እንዳይቀባ ብሏል" አለችኝ። እኔ ነኝ አሟሺያት ያልኋት። የሸክላ ሠሪ ልጅ ቤቴን ሊያስተምር ነው ወይ አልሁ። ደግሞም የእጃቸውን ነገር ከላይዋ እንዲያስለቅቅልኝ ብዬ ነው።»

«የእናቴን እጅ?»

«እኔ ስለ እናትህ ክፉ ተናግሬ አላውቅም።»

«አልተናገሩም። ግን ከጥር ጀምሮ አደይ በኛ ደጅ ስታልፍ ፊቷን በነጠላ ትሸፍኗታላችሁ። እናቴ እንዳታያት። እናቴም ይህን ስለምታውቅ የልጆች ድምፅ ስትሰማ ወደ ጓዳ ትገባለች።»

ይህን ያለው ረጋ ብሎ ነው። ሽማግሌው ግን በዱላ የተመቱ ያህል ጎንበስ አሉ።

«ውሃው አላልፍ ሲል ምን አደረጋችሁ?» ብዬ እኔ ጠየቅሁ።

«ማጣሪያ ውስጥ ካደረ ተጣርቷል ብለን ከላይ ከላይ ቀድተን ጠጣን። ቀድሞ ደስታነሽ ኩበት ባገኘች ቀን ታፈላላቸው ነበር። ማጣሪያ መጣልን ብላ ተወችው። በአምስተኛው ቀን አደይ ታመመች።»

«እኔም አለሁበት» አለ ዘሩ። «ስሰጣት በአጥር ላይ ነው ያቀበልኋት። ገብቼ ራሴ ጋኑ ላይ ባስቀምጣት፣ በማግስቱም መጥቼ ባይ ኖሮ ወዲያው አውቀው ነበር። እንዳያስገቡኝ ፈርቼ አንድ ቃል ወርውሬ ተመለስሁ።»

«ባስገባህ ኖሮ አይደል» አሉ አቶ የሽዋስ። «አላስገባህም ነበር። ታዲያ አሁን ማንን ልክሰስ?»

ዝናቡ አባራ።

«ሸንጎው ይቅርና እሳት እናንድድ» አለ ዘሩ። «ቅባቱን እሳት ይበላዋል፤ ገለባውን እንደ በላው። ሰኞ ሳይደርስ ልትደርስ ትችላለች።»

ሦስታችን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄደን መንደሩ ደረስን። ቤቶቹ በገመድ እንደ ተለኩ ተሰልፈዋል፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው ለሰልፍ ወጥተው ተናጋሪው የቀረባቸው ሰዎች ይመስላሉ። ጌጥነሽ ደጇ ላይ አፈር ትረግጣለች። ሽማግሌው በርዋ ላይ ሲቆሙ እግሯን ከጭቃው አላወጣችም።

«እንኳን ደህና መጡ አባ የሽዋስ። ዕጣው ከወጣ ስድስት ወር ሆነ። መንገዱ ረዘመብዎ?»

በሁለቱ በሮች መካከል አሥር እርምጃ የለም።

«ረዘመብኝ እናቴ» አሉ።

እንዲህ ብለው ይመልሳሉ ብላ አልጠበቀችም፤ የተቀረውን ተረብ ዋጠችው። ማሰሮዋን ተቀብላ በጥፍሯ ጫረችና አሸተተች። «ጎመን ዘር። መልካም ሙሽት ነው፤ ደስታነሽ ሙያ አላት» አለች። ከዚያ ለኔ ዞራ፣ «ልጄ መጽሐፍ አንብቦ መጣና ሦስት ማሰሮ አፈነዳብኝ። ገለባ መጨመሩን እንጂ ስንት መጨመሩን መጽሐፉ አልነገረውም። አርባ ዓመት ቀዳዳ ስደፍን ኖሬ፣ አሁን ባረጀሁ ጊዜ ቀዳዳ ሥሪልኝ ይለኛል። እጄ እንቢ አለኝ እኮ ጌታው። እስኪለምድ ሌሊት ሌሊት አለቀስሁ።»

ያላትን ደረቅ ኩበት ሁሉ አወጣች። የሳምንት ማገዶዋ መሆኑን ከዘሩ ፊት አነበብሁ። አቶ የሽዋስ ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ሄደው የራሳቸውን ኩበት በጋቢያቸው ተሸክመው መጡና በሷ ክምር ላይ ጨመሩት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እሳቱ ዳር ተቀመጡ። ጭሱ ወዲያና ወዲህ ሲል እሳቸውም ይዞራሉ፤ ከዚያ ግን አልተነሡም። መንገደኞች ቆም እያሉ ያዩአቸዋል። አንዷ ሴት አማተበች።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማሰሮዋ ጋን አፍ ላይ ተቀመጠች፤ ከኩሬው የመጣው ውሃ ተሞላባት። ውሃው የጠላ መልክ አለው። ሥሯ መጀመሪያ ጠቆረ፤ ከዚያ ወዛ። ቆይቶ አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለችና ወደቀች። ሽማግሌው ሁለተኛዋን ጠበቁ። ሦስተኛዋን ጠበቁ።

አንድ ቅል የሚሞላ ሲወርድ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ነበር። ውሃው ጠርቶ የቅሉ ሥር ይታያል። ጌጥነሽ ቅሉን ይዛ መጣችና እንደ ልማዷ ከፊታቸው መሬት ላይ ልታስቀምጥላቸው ጎንበስ አለች። እንደሷ ካሉ ሰዎች ሌላው ሰው የሚቀበለው እንዲህ ነው፤ እጅ ከእጅ እንዳይነካ። አቶ የሽዋስ ቅሉ መሬት ሳይነካ ከእጇ ተቀበሉት። እስከ መጨረሻው ጠጡ።

«ምንም አይልም» አሉ።

«ውሃ ምን ሊል ኖሯል?» አለቻቸው። ግን ወደ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ስብሰባ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ላቀው አጀንዳውን አነበበ፤ የመጨረሻው ግለ ሂስ ነው። ግለ ሂስ ብዙ ሰምቻለሁ። ሰው ተነሥቶ ያላጠፋውን ያምናል፤ ያጠፋውን ይደብቃል፤ ይጨበጨብለታል፤ ይቀመጣል። አቶ የሽዋስ ሳይጠሩ ተነሡ።

«በጥር ደረሰን ቀበርሁ። ከፋሲካ ወዲህ ተስፋውን ቀበርሁ። እግዜር ወሰዳቸው ብላችሁ አጽናናችሁኝ፤ አሜን አልሁ። እግዜርስ ወሰዳቸው። ያቀበልሁት ግን እኔ ነኝ፤ በቅል እየቀዳሁ። ሰዉ ግን የጎረቤቴ ዓይን ነው ሲል ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት ደስ ስላለኝ ነው። ውሃው ነው ካልሁ ውሃውን ያጠጣኋቸው እኔ ልሆን ነው። ዓይን ነው ካልሁ ጥፋቱ ካጥር ወዲያ ይቀራል።»

ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀጠሉ።

«ማጣሪያ ሲሰጠኝ አስደፈንሁት። ደስታነሽን ማንም እንዳይወቅስብኝ፤ ያዘዝሁ እኔ ነኝ። አሁን ያወቅሁትን ልንገራችሁ። ማሰሮዋ አትሟሽም። ጎመን ዘር፣ ተልባ፣ ቅቤ አይነካትም። ከላይ ያለው ውሃ ቢያድርም አይጠጣም፤ የሚጠጣው ከሥር የወረደው ነው። ጠብታው ሲዘገይ ውስጧ በጭራሮ መጥረጊያ ይታሻል። ዘሩ እንዳለኝ ሁሉንም ተባይ ላታስቀር ትችላለች፤ ስለዚህ ማገዶ ያለው ያፍላ። ማገዶ የሌለው ግን ከዚህች ሌላ ምን አለው? ልጅ ከተረፈ እናት እርሻ ትውላለች፤ ኩበቱ ለመሬቱ ይተርፋል፤ በየወሩ ቡሬ ድረስ ቃሬዛ አንሸከምም። ይህን ሁሉ ጌጥነሽ በእጇ ሠራችው። እኔ ከጥር ጀምሮ ፊት እሸፍንባት ነበር።»

ሊቀ መንበሩ ተቁነጠነጠ። «ጓድ የሽዋስ፣ ስሕተቱ ከአድኃሪው ሥርዓት የወረስነው ነው ብለው ቢደመድሙት…»

«አይ ልጄ» አሉት። «ከማንም አልወረስሁትም። የራሴ ነው።»

አልተጨበጨበም። ሁሉም ሰው መሬት መሬት ያይ ነበር።

ተከታዩን ሁሉ አሳምሬ ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ከመንደሩ ሰማንያ ቤት ማሰሮ የጠየቁት አሥራ አንዱ ናቸው። ሌሎቹ ከሷ እጅ የወጣ ነገር ውስጥ ውሃ ማሳደሩን ፈሩት። ሰኞ ጠዋት አንዲት ሌላ እናት ልጇን አዝላ ወደ ቡሬ ስትሮጥ አይቻለሁ። በቅጼ ላይ የሰንደቁን ርዝመት ሳልለካ ቀረሁ፤ ባዶ ቦታ እንዳይሆን ግን «ማሰሮ፣ አሥራ አንድ» ብዬ ጻፍሁበት።

ሰኞ ቀትር ላይ ደስታነሽ አደይን አዝላ ከጤና ጣቢያ ገባች። ልጅቱ ከመክሳቷ የተነሣ ዓይንና ጉልበት ብቻ ሆናለች። መደቡ ላይ እንዳስቀመጧት «ውሃ» አለች። አቶ የሽዋስ ከማሰሮዋ ሥር ጋኑን አዩ። የጠዋቱን ተጠቅመውበታል፤ አዲስ የተሞላው ገና መውረድ መጀመሩ ነው። ከላይ ማሰሮዋ ጢም ብላለች። ልጅቱ አየቻትና እጇን ዘረጋች። ሽማግሌው መዳፋቸውን በማሰሮዋ አፍ ላይ አደረጉ።

«ቆይ እሙዬ። ከታች ነው።»

አለቀሰች። እንባ እንኳ አልነበራትም። ደስታነሽ አማቷን አየች፤ እሳቸው መዳፋቸውን አላነሡም። ጠብታው ይወድቃል፤ ልጅቱ ታለቅሳለች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አንድ ሰው ይህን ሁሉ ጠብታ ቢያፈጥነው እያልሁ እመኛለሁ።

በዚህ መካከል በበሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ጌጥነሽ ናት። ልቅሶውን ሰምታ ከራሷ ጋን የጠራ ውሃ በቅል ይዛ መጥታለች። ደፉን ሳትረግጥ ቆመች፤ ዓይኗን ከልጅቱ ላይ አንሥታ ግድግዳ ግድግዳ ታያለች። የደስታነሽ እጅ ሳታዝዘው ወደ ነጠላዋ ሄደ፤ ጫፉን ይዞ ወደ ልጅቱ ፊት ወጣ።

«ተይው» አሉ አቶ የሽዋስ። «ፊቷን ከሸፈንሽው በምን ትጠጣለች?»

ከዚያ ወደ በሩ ዞረው፣ «ግቢ ጌጥነሽ። አጠጪልኝ» አሉ።

ገባች። ደስታነሽ ነጠላዋን ለቀቀች። ልጅቱ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ፣ የያዘችላትን ሴት ፊት ለፊት እያየች ጠጣች።